አፍ መፍቻው ሁለት ቢሆንስ?

በዚህ ዓምድ ስለ ማስተማሪያ መርጃ መሣሪያዎች፣ ስለ ክፍል አያያዝና ስለ ፈተና አወጣጥ ብዙ ተጽፏል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን ከመማሪያ ክፍል በፊት ከጓዳ የሚጀምር ነው። ይኸውም አባቱ አንድ ቋንቋ፣ እናቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገሩለት ሕፃን ከተወለደበት ቀን ጀምሮ በሁለቱም ይደግ ወይስ አንዱ ይመረጥለት የሚለው ነው። «ይኼ የባልና የሚስት ጉዳይ ነው፤ መምህርን ምን አገባው?» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ያገባዋል እንጂ! ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን ተመርቀን ከተወለድንበት ቀዬ ርቀን የምንመደበው? እዚያው ቤት ተከራይተን፣ እዚያው ትዳር ይዘን፣ እዚያው እንወልዳለን። ከዚህም በላይ ወላጅ በልጁ አነጋገር ግራ ሲገባው ዞሮ ዞሮ የሚጠይቀው መምህሩን ነው። መምህሩ ደግሞ ያላጣራውንም ነገር በእርግጠኝነት የመናገር ጠባይ አያጣውም። (አንጋፋ መምህራኖቻችን እንዳይቀየሙን፤ ስለ ሙያው ነው የተናገርነው።)

አማርኛችን «አፍ መፍቻ» የሚል ግሩም ቃል አለው። የሕፃኑ አፍ እንደ ቋጠሮ ታይቶ ቋንቋው ይፈታዋል ማለት ነው። ቃሉ ግሩም ይሁን እንጂ በአነጋገራችን ሁልጊዜ ነጠላ ነው፤ አንድ ቋጠሮ፣ አንድ መፍቻ። «አፍህን የፈታህበት ቋንቋ ማነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሁለት ቢጠራ ያላገጠ ይመስላል። ድሬዳዋ ወይም ሐረር ያደገ ሰው ግን በዚህ ይገረማል። በሐረር ግንብ ውስጥ ቤቱ ሐረሪ የሚነገርበት ልጅ ከበር ሲወጣ ኦሮምኛ ያገኘዋል፤ አማርኛውም፣ ሱማልኛውም ሩቅ አይደለም። እዚያ ሰው ሦስት ቋንቋ ስለ ቻለ ጉድ ተብሎ አይወራለትም። ታዲያ እዚያ ተራ ነገር የሆነው ሌላ ቦታ ስንሄድ በሽታ የሚሆነው በምን ምክንያት ነው?

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። በትምህርት ዓለም ለረጅም ጊዜ ሲነገር የቆየው ሁለት ቋንቋ አእምሮን ያደክማል የሚል ነበር። ለምሳሌ ሴር የተባለ ተመራማሪ በብሪታንያ በዌልስ አገር ልጆችን ፈትኖ በ1923 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ሁለት ቋንቋ የሚናገሩት የገጠር ልጆች አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚናገሩት ያነሰ ውጤት አምጥተው ነበር። በከተማዎቹ ልጆች ላይ ግን ያ ልዩነት አልታየም። እንግዲህ የሚቀጥለውን ጥያቄ ማንም መምህር ሊጠይቀው ይችላል፤ ጥፋቱ የሁለተኛው ቋንቋ ቢሆን ኖሮ ከተማ ሲገባ የት ጠፋ? በ1962 እ.ኤ.አ. ፒልና ላምበርት የተባሉ ተመራማሪዎች በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ የአሥር ዓመት ልጆችን የወላጆቻቸውን የኑሮ ደረጃ አመዛዝነው ሲያነጻጽሩ፣ ሁለት ቋንቋ የሚችሉት ብልጫ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ወደ ሌላው ጫፍ ዞሮ «ሁለት ቋንቋ ያለው ልጅ ይበልጥ ብልህ ነው» የሚሉ አያሌ ጽሑፎች ወጥተዋል። በእኛ በኩል ይህንንም ለወላጅ እንደ ሸቀጥ ባናዞር እንመርጣለን። ቆይተው የተደረጉ ጥናቶች ብልጫውን አንዳንዴ አግኝተውታል፤ አንዳንዴ አጥተውታል፤ ክርክሩ አልተዘጋም። ልጅ የእናቱንም የአባቱንም ቋንቋ የሚማረው የፈተና ውጤቱ ከፍ እንዲል አይደለም። ከሴት አያቱ ጋር እንዲያወራ ነው።

ሕፃኑ ራሱ ለሁለት ቋንቋ ዝግጁ ሆኖ ነው የሚመጣው። በእናቱ ማሕፀን ሳለ ድምፅዋን ሰምቶ ኖሯልና በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ የለመደውን ቋንቋ ከሌላው ይለያል። ወርከርና ቲስ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ታዋቂ ጥናት እንደታየው ከስድስት እስከ ስምንት ወር ያሉ ሕፃናት በቤታቸው የማይነገር የባዕድ ቋንቋ ድምፆችን ሳይቀር ይለያሉ፤ ዓመት ሲጠጋቸው ግን ይህ ችሎታቸው ይቀንሳል። ጆሮአቸው የሚሰሙትን እያጠራ የማይሰሙትን ይተዋል። ይህንን ወደ አገራችን አምጥተን እንየው። የእኛ «ጠ» እና «ተ» ለባዕድ አገር ሰው አንድ ሆነው ይሰሙታል፤ ለአንድ ዓመት ልጃችን ግን ሰማይና ምድር ናቸው። እንደዚሁም በኦሮምኛ «ዸ» የሚባለው ድምፅ አለ። ካደግን በኋላ የተማርነው ሰዎች ይህን ድምፅ ስናወጣ የክፍል ጓደኞቻችን አፋቸውን በመዳፋቸው ይሸፍናሉ። ከሕፃንነቱ የሰማው ግን ሳይለፋ ያገኘዋል። ነፃ ስጦታ ነው።

«እሺ፣ ግን እኮ ይቀላቅላል!» ይባላል። አዎን፣ ይቀላቅላል። የሁለት ዓመቱ ልጅ «ቢሻን ስጪኝ» ቢል ውሃውን በኦሮምኛ፣ ልመናውን በአማርኛ ማለቱ ነው። ይህ መደናገር አይደለም፤ በእጁ ያለውን ቃል መጠቀም ነው። ደግሞ ማን ነው ፈራጁ? «ሌሰን ፕላኔን ሰብሚት አድርጌ ፊድባክ እየጠበቅሁ ነው» እያልን በየኮሪደሩ የምንውል እኛ? ልጁ ከእኛ ይሻላል፤ ቃሉ ሲሞላለት ይተወዋል። የሁለት ዓመት ሕፃን ለእናቱ በእናቱ፣ ለአባቱ በአባቱ ቋንቋ ሲመልስ ማየት ያልተለመደ ነገር አይደለም። የቃሉ ቁጥር ሲቆጠርም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአንዱ ቋንቋ ብቻ ከቆጠርንለት ከጎረቤት ልጅ ያንሳል፤ የሁለቱን ስንደምርለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል። ግማሹን ኪስ ፈትሾ «ገንዘብ የለውም» ማለት ፍርድ አይደለም።

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ ስሙን በማንጠቅሰው አንድ በአማርኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተመድበን ሳለ የሆነውን እናንሣ። የወላጆች ቀን ነበር። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ያላቸው አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ልጁ በክፍል ውስጥ ዝም ስለሚል ነው የተጠሩት። ስም ጠሪው መምህር ብዙም ሳያስቀምጧቸው፣ «እናቴ፣ ቤት ውስጥ በኦሮምኛ ማናገሩን ይተዉ፤ ልጁን ያደናገረው እሱ ነው፤ በአማርኛ ብቻ ያናግሩት» አሏቸው። «እሺ መምህር፤ እርስዎ ካሉ ምን አደርጋለሁ» ብለው ወጡ። ከመካከላችን አንዷ ኦሮምኛ ትችላለችና እስከ በሩ ሸኘቻቸው። ቢሮ ውስጥ ሦስት ቃል ያልተናገሩት ሴት በሩ ላይ ሲደርሱ ሌላ ሰው ሆኑ። ስለ ልጁ አመል፣ ስለ ማታ ተረቱ፣ በሂቦ ታላላቆቹን ሁሉ እንደሚረታ ነገሯት። (ሂቦ ማለት የእኛው እንቆቅልሽ ነው።) በመጨረሻም «በአማርኛ እኮ ልጄን መቆጣት እችላለሁ፤ ማባበል ግን አልችልም» አሏት።

ያቺን አነጋገር በማደሪያችን ለብዙ ቀን ስንከራከርባት ሰነበትን። የመምህሩ ምክር በሥራ ላይ ቢውል የሚሆነው እንግዲህ ይህ ነው፤ ልጁ ከእናቱ የሚሰማው አማርኛ «ና፣ ብላ፣ ተኛ፣ ዝም በል» ይሆናል። ተረቱ ይቀራል፤ እንቆቅልሹ ይቀራል፤ ለምን ሰማዩ እንደሚያጉረመርም፣ ሟቹ አጎቱ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር መጠየቁ ይቀራል። ትምህርት ቤቱ የፈለገው ሀብታም አማርኛ ከእኒያ እናት አይገኝም፤ ሀብታሙ ኦሮምኛ ደግሞ ይደርቃል። መምህሩ አንድ ቋንቋ ለመጨመር ብለው ሁለቱንም ቀነሱ። የሚያስቀው ነገር በዚያው ዕለት በእረፍት ሰዓት ዝምተኛው ልጅ ብይ ሲጫወት በሁለቱም ቋንቋ «አጭበረበርከኝ» እያለ ሲከራከር መሰማቱ ነው። በክፍል ውስጥ ለምን ዝም እንደሚል ያን ቀን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ወደ ቤት እንመለስ። ብዙ ወላጅ «ሁለቱንም ይሰማል፤ ሁለቱንም ያውቃል» ብሎ ይተወዋል። ሂሳቡን እናስላው። አንድ ዓመት የሞላው ልጅ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ነቅቶ ይውላል እንበል፤ በሳምንት ሰማንያ አራት ሰዓት ማለት ነው። አባትየው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሥራ ይገባል፤ ልጁ ሁለት ሰዓት ሲል ይተኛል። በአምስቱ የሥራ ቀናት አሥር ሰዓት ተገኘ። ቅዳሜና እሑድ በየቀኑ አምስት አምስት ሰዓት ከልጁ ጋር ቢሆን ሌላ አሥር። ድምሩ ሃያ ነው፤ ከሩብ ያነሰ። ያውም ሬዲዮ ካልከፈተ፣ ከስልኩ ጋር ካላፈጠጠ፣ እራት ሲበላ ካወራ ነው። ቀሪው ሁሉ የእናትየው፣ የሠራተኛዋና የሰፈሩ ቋንቋ ነው። ስለሆነም የአባትየው ቋንቋ እንዲበረታ ከተፈለገ ጉልበቱ የሚወጣው እዚያች ሃያ ሰዓት ላይ ነው፤ ገላውን ሲያጥበው፣ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ሱቅ ሲወስደው፣ ሲያስተኛው። «ይህ ምንድን ነው? ያስ?» እያሉ እንደ ፈተና መጠየቅ ብዙ አይፈይድም። መተረክ፣ መቀለድ፣ መልስ ለማግኘት መጠበቅ ይፈይዳል። ቴሌቪዥንም ለሕፃን አያስተምርም፤ ቴሌቪዥን አይመልስለትማ። አባትየው ካልቻለ ግን አክስት አለች፣ አያት አለች፤ ክረምቱን ገጠር ማሳለፍም አለ።

«አንድ ሰው፣ አንድ ቋንቋ» የሚባለው ዘዴ አሮጌ ነው። ዡል ሮንዣ የተባለው ፈረንሳዊ የቋንቋ ሊቅ ሚስቱ ጀርመናዊት ነበረችና ልጃቸው ሉዊ ሲወለድ ሞሪስ ግራሞን የተባለ ባልደረባው መከረው፤ አባት በፈረንሳይኛ ብቻ፣ እናት በጀርመንኛ ብቻ እንዲያናግሩት። ውጤቱን በ1913 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣው፤ ልጁ ሁለቱንም አጥርቶ አደገ። ቆየት ብሎ ደግሞ ወርነር ሊዮፖልድ አሜሪካ ውስጥ ለሴት ልጁ ለሂልደጋርድ ጀርመንኛ ብቻ እየተናገረ፣ እናቷ እንግሊዝኛ እየተናገረች፣ አነጋገሯን ቀን በቀን መዝግቦ በአራት ቅጽ አሳትሟል። እሷ ላይ የሆነው ይበልጥ የሚያስተምር ይመስለናል። አካባቢው ሁሉ እንግሊዝኛ ስለነበረ ጀርመንኛዋ እየደከመ ሄደ፤ አባቷ የሚለውን ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ሆነ። አምስት ዓመት ሲሆናት ለጥቂት ወራት ጀርመን አገር ሲወስዷት የተኛው ቋንቋ በሳምንታት ውስጥ ተነሣ። አሜሪካ ስትመለስ ደግሞ እንግሊዝኛው መልሶ በረታ። ቋንቋን የሚያኖረው አስፈላጊነቱ ነው፤ ልጁ ያለዚያ ቋንቋ የሚያጣው ሰው፣ የሚያጣው ጨዋታ መኖር አለበት።

ለዚህ ነው ዘዴውን ብቻ እንደ መድኃኒት የማንሰብከው። አኒክ ደ ሃውወር በ2007 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናቷ በቤልጅግ በፍላንደርስ ወደ 1,900 የሚጠጉ ሁለተኛ ቋንቋ የሚነገርባቸውን ቤተሰቦች ጠይቃ ነበር። ከአራት ልጆች አንዱ ያህል የቤቱን ቋንቋ አይናገርም ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ወላጆች የአናሳውን ቋንቋ በሚናገሩበት ቤት ውጤቱ እጅግ የተሻለ ነበር። የእኛ ሰዎችም በውጭ አገር ይህንኑ ያዩታል። በዋሺንግተን አካባቢ አማርኛ በየምግብ ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ይሰማል፤ የከተማው አስተዳደር በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ መሠረት በመንግሥት መሥሪያ ቤት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነው። እንዲያም ሆኖ እናት በአማርኛ ስትጣራ ልጅ በእንግሊዝኛ «መጣሁ» የሚልበት ቤት ሞልቷል። በእስራኤልም ከዕብራይስጥ ጋር ያው ነው። ዋሺንግተን ድረስ ምን አስኬደን? እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ከጉራጌ፣ ከወላይታ ወይም ከትግራይ የመጡ ወላጆች ልጆች «እሰማለሁ፤ አልናገርም» ሲሉ እንሰማ የለም እንዴ?

አሁን ደግሞ ሌላ ዓይነት መጥቷል። አንዳንድ የከተማ አጸደ ሕፃናት ወላጁን «ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ አናግሩት» ይሉታል። ወላጁም ከሥራ ደክሞ ገብቶ «ካም ሂር፣ ሲት ዳውን፣ ዶንት ታች» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ቃሉ ያልቅበታል፤ ያን ጊዜ ዝም ይላል ወይም ስልኩን ያቀብለዋል። እንግሊዝኛ መማሩን የሚጠላ የለም። እንግሊዝኛ እንደ ልቡ የሚናገር አባት ወይም አክስት በቤቱ ካለ ይናገርለት፤ እሰየው። ነገር ግን ሰው ማባበል በማይችልበት ቋንቋ ልጅ ያሳድግ ማለት ልጁን ለማስተማር ተብሎ ወላጁን ማደህየት ነው። ከላይ የጠቀስናቸው እናት የተመከሩትና ይኼኛው አባት የተመከረው አንድ ዓይነት ምክር ነው፤ የቋንቋው ስም ብቻ ተለወጠ።

የአማትና የምራት ፉክክርም አለ። ሕፃኑ መጀመሪያ «እማዬ» ይበል ወይስ «አዮ» እየተባለ በሁለቱ ወገን የሚቆጠርበት ቤት እናውቃለን። የአዋቂዎቹን ክርክር አዋቂዎቹ ይጨርሱት፤ ሕፃን የድምፅ መስጫ ሣጥን አይደለም። በባል ፊት የሚስትን ቋንቋ ማንቋሸሽ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ልጅ ቃሉን ገና ሳይችል ንቀቱን ይችለዋል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እናሳስባለን። ሁለት ዓመት ሞልቶት አንዳች ቃል የማይናገር፣ ሲጠሩት የማይዞር ልጅ ሲያጋጥም «ሁለት ቋንቋ ስለሆነ ነው» ብሎ መሸኘት አደጋ ነው። ሁለት ቋንቋ ልጅን ዲዳ አያደርግም፤ መንተባተብንም አያመጣም። ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ልጅ የመጀመሪያ ቃሉን የሚናገረው እንደ ሌላው ልጅ ዓመት ገደማ ነው። ካልሆነ ጆሮው ይመርመር፤ የሚመግል ጆሮ ካለው ይታከም። አንዱን ቋንቋ ማስተው ጆሮ አይከፍትም።

ስለ ጽሑፍም የሚጠይቁ አሉ። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ ይጻፋል፤ አማርኛ በፊደል። «ሁለት ቋንቋ ሳይበቃ ሁለት ዓይነት ፊደል!» ይባላል። እርግጥ ነው፣ ለመምህሩ ሥራ ይበዛል። ነገር ግን ሁለቱም አጻጻፎች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። በኦሮምኛ «ላፋ» አናባቢው አጥሮ ሲነገር መሬት፣ ረዝሞ ሲነገር ለስላሳ ነው፤ በፊደላችን ሲጻፍ ልዩነቱን ማሳየት ይቸግራል፤ ቁቤ ግን ያሳየዋል። አማርኛችንም በፊደሉ የማይታይ ጉድ አለው፤ «ገና» የሚለው ቃል ሲላላ «እስካሁን»፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ከሕፃንነቱ ሁለቱን የሰማ ልጅ ንባብ ሲጀምር እነዚህን ልዩነቶች በጆሮው ይዞ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ በአንዱ አጻጻፍ በደንብ ይንበብ፤ ማንበብ ምን እንደሆነ የገባው ልጅ ሁለተኛውን ፊደል ለመያዝ የመጀመሪያውን ያህል አይቸገርም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ካደረገ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ ስለ አፍ መፍቻ ቋንቋ መጠየቅ የተለመደ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ልጆች በማይገባቸው ቋንቋ ከመንገላታት ድነውበታል። ጥያቄው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ መልስ ብቻ ይጠብቃል። መስከረም ላይ ለምዝገባ የምንቀመጥ ሁሉ በቅጹ ላይ አንድ መስመር ብቻ ቢኖርም ሁለት ቋንቋ ለጠራ ወላጅ ሁለቱንም እንጻፍለት፤ ቦታ ካነሰ በኅዳጉ ላይ ይጻፍ። ከማን ጋር በምን እንደሚያወራም እንጠይቅ፤ «ከእናትህ ጋር በምን ታወራለህ? ከአያትህስ? ስትጫወትስ?» ሦስት ጥያቄ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዝም የሚል ልጅ ሲያጋጥመን ያ ወረቀት ከየት እንደምንጀምር ይነግረናል።

ይህንን የሚቃወም ባልደረባ እንዳለ ሰምተናል፤ በተለይም ስለ ሁለቱ አጻጻፎች የተባለውን። ጽሑፉን ከሐሙስ በፊት በአዘጋጆቹ ሣጥን ውስጥ ቢከት በሚቀጥለው እትም በዚሁ ቦታ፣ በዚሁ ስፋት ይለጠፍለታል።